አጥንት የለውም ያልኩት አንበጣ

ነገሩ የጀመረው በቀይ እስክሪብቶ ነው።

ባለፈው ሴሚስተር በሳይንስ ዘገባ ኮርስ «በራሳችሁ ምርጫ አንድ ፊቸር ጽፋችሁ አምጡ» ተባልን። የክፍሌ ልጆች ስለ ቡና፣ ስለ ሞባይል፣ ስለ ግድብ ጻፉ። እኔ ስለ አንበጣ ጻፍኩ። ከማስረከቤ በፊት ለዶርም ጓደኞቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አንዱማ «ይሄ ለጋዜጣ ነው እንጂ ለመምህር አይሰጥም» አለኝ። እኔም አመንኩት። ከሳምንት በኋላ ወረቀቴ ሲመለስ ግን ሁለት ቦታ በቀይ ተከቦ አገኘሁት። ውጤቱን አልነግራችሁም፤ ከነገርኳችሁ ይህንን ጽሑፍ ማንበብ ታቆማላችሁ።

ስለ ሁለቱ ቀይ ክቦች ከማውራቴ በፊት ግን ለምን አንበጣን እንደመረጥኩ ላስረዳ።

ያደግኩት ቆቦ አካባቢ ነው። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ማሽላችን እሸት ይዞ፣ አባቴ በየማታው እየዞረ ሲያየው፣ እናቴ «አታፍጥበት፣ በዓይንህ ትጨርሰዋለህ» እያለች ስትቀልድበት ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ በምሥራቅ በኩል ደመና የመሰለ ነገር ታየ። ደመና እንዳይባል ያበራል፤ ጭስ እንዳይባል ድምፅ አለው። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ወጣ። ጅራፍ ያጮኸ፣ ጀሪካን የደበደበ፣ እሳት አንድዶ ያጨሰ… እናቴ ድስት ስትደበድብ የድስቱ ጆሮ ወልቆ በረረ። እስከ ማታ ድምፃችን ተዘጋ። አንበጣው ግን አንድ ቦታ ሲነሣ ሌላ ቦታ ያርፋል።

ሲመሽ በየአገዳው ላይ ተደርድሮ አደረ። አባቴ ገና ጎሕ ሳይቀድ ቀሰቀሰን። «ፀሐይ ሳይሞቀው ድረሱበት» አለ። እውነትም በዚያ ብርድ አንበጣው አይበርም። እንደ ፍሬ እየለቀምን፣ እያረገፍን፣ በማዳበሪያ ጆንያ ሞላነው፤ የቀረውን ረገጥነው። ሦስት ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ግን የቀረው ሁሉ አንድ ላይ ብድግ አለ። እኔም ጆንያዬን ይዤ ቆሜ አየሁት። ከሥሩ የቀረው አገዳ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ በአካባቢያችን የደረሰውን ሌላ መከራ ሁላችሁም ስለምታውቁት አልገባበትም።

እንግዲህ ይህንን ያየ ልጅ ጋዜጠኝነት ሲማር ስለ ምን ይጽፋል? ስለ አንበጣ ነዋ!

ጽሑፌን እንዲህ ብዬ ነበር የጀመርኩት፦ «አንበጣ አጥንት የለውም። ሥጋና ክንፍ ብቻ ነው። አባቴ ያን ቀን ባዶ ማሳው ላይ ቆሞ ‹አጥንት በሌለው ነገር ተሸነፍን› አለ።» ታምራለች አይደል? እኔም አምራኝ ነበር። ሁለቱም ቀይ ክቦች ያረፉት እዚያችው ላይ ነው። በመጀመሪያው ክብ አጠገብ መምህራችን «ታዲያ ጡንቻው ምን ላይ ተጣብቆ ነው የሚበረው?» ብለው ጽፈዋል። በሁለተኛው አጠገብ ደግሞ «አባትህ ይህንን መቼ አሉህ?»

ሁለተኛውን ጥያቄ አንብቤ ወረቀቱን አጠፍኩት። ምክንያቱን ትደርሱበታላችሁ። የመጀመሪያው ቀላል መሰለኝና በእሱ ጀመርኩ።

*

ስድስተኛ ክፍል እያለን አንበጣ «ኢ-ደንደሴ» ከሚባሉት ወገን ነው ተብለን ተምረናል። አከርካሪ የለውም ማለት ነው። እኔ ታዲያ አከርካሪ ከሌለው አጥንት የለውም፣ አጥንት ከሌለው ምንም የለውም ብዬ በሦስት እርምጃ ገደል ገባሁ። ቅርፊት እንዳለው አላጣሁትም፤ ግን ቅርፊቱን ልክ እንደ ልብስ ነበር የማስበው።

የባዮሎጂ ላቦራቶሪ ቴክኒሻኑን ተማሪው ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ሄጄ የመጣሁበትን ስነግራቸው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «አጥንት የለውም ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ?» አሉኝ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ከመደርደሪያ ላይ በአልኮል የተሞላ ብልቃጥ አወረዱ። ውስጡ የበረሃ አንበጣ ነው፤ ያኔ በወረራው ጊዜ የተሰበሰበ። ስንት ዓመት ቆይቶ ሳየው ሆዴ ተላወሰ። ማን ያውቃል፣ የእኛን ማሽላ የበላ ሊሆን ይችላል።

«ና እንግዲህ እናፍላው» አሉኝ።

አንዱን አወጡና ጭንቅላቱን፣ እግሩንና ሆዱን ለይተው ደረቱን ብቻ አስቀሩ። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ኃይለኛ ውህድ ውስጥ ጨምረው በቀስታ አሞቁት። ውህዱ ሥጋውን ያሟሟዋል፤ ካይቲን ከሚባለው ነገር የተሠራውን ቅርፊት ግን አይነካውም። በውኃ አጠቡትና በምላጭ ከላይ ወደ ታች ለሁለት ሰነጠቁት። ማይክሮስኮፑ ሥር አድርገው «እይ» አሉኝ።

ባዶ ቀፎ ነበር የጠበቅኩት። ወገኖቼ፣ ውስጡ ቤት ነው! ግድግዳ አለው፣ ማገር አለው፣ ከታች ወደ ላይ የቆሙ ድጋፎች አሉት። ሁሉም እንደ ስስ ቀንድ ቡናማ ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል።

«ይሄ ከየት መጣ?» አልኳቸው።

ጋሼ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ፌስታል በአየር ነፉና በጣታቸው ከውጭ ወደ ውስጥ ገፉት። «ከውስጥ ሆነህ ብታየው ምሰሶ ይመስልሃል፤ ከውጭ ደግሞ ጉድጓድ ነው። ያው ፌስታሉ ነው። አንበጣም እንዲሁ ነው፤ የውስጡ አጽም የውጭው ቅርፊት ወደ ውስጥ ታጥፎ የገባ ነው።» እውነትም ከውጭ በኩል ሲታይ ደረቱ ላይ ትንንሽ ስርጉድ ቦታዎች አሉ። እያንዳንዷ ስርጉድ ከውስጥ የአንድ ድጋፍ ሥር ናት።

ስሞቻቸውን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ከጀርባ በኩል ወደ ታች የወረዱት ግድግዳዎች «ፍራግማ» ይባላሉ፤ በግሪክ አጥር ማለት ነው። ክንፍ ባለበት የደረት ክፍል ፊት፣ መሐልና ኋላ ሦስት ሆነው ይቆማሉ። ከሆድ በኩል ወደ ላይ የሚነሡት ደግሞ «ፈርካ» ይባላሉ፤ በላቲን የመንሽ ወይም የባላ ዓይነት ነገር ነው። ጢንዚዛ ላይ አንድ ግንድ ሆኖ ይነሣና ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ቁርጥ አገር ቤት ጎጆ የምንደግፍበትን ባላ። አንበጣ ላይ ግን ሁለቱ ክንዶች ከግራና ከቀኝ ለየብቻ ነው የሚነሡት። ከጎን ግድግዳ ደግሞ ሌላ ክንድ ይወጣና ወደ እነዚህ ይጠጋል፤ ጎንና ወለል ተያይዘው እንዳይፈራርሱ። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ድጋፍ ሳይቀር ስም አለው፤ «ቴንቶሪየም»፣ ድንኳን። ስም አውጪዎቹ የገጠር ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ ሳቅኩ። አጥር፣ ባላ፣ ድንኳን!

*

የመምህሬ ጥያቄ የተመለሰው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ጡንቻው ምን ላይ ተጣብቆ ነው የሚበረው?

እኔ የማስበው ጡንቻው ክንፉን ይዞ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል ብዬ ነበር፤ ሰው ማራገቢያ ይዞ እንደሚያራግበው። ጋሼ ያላፈሉትን ሌላ አንበጣ ከፈቱልኝና አሳዩኝ። ደረቱ ውስጥ ያሉት ትልልቆቹ ጡንቻዎች ክንፉን ጭራሽ አይነኩትም። አንደኛው ወገን ከፍራግማ ወደ ፍራግማ፣ ማለትም ከግድግዳ ወደ ግድግዳ በቁመት የተዘረጋ ነው። ሌላው ወገን ከጣሪያ ወደ ወለል የቆመ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቁመቱ ጡንቻ ሲኮማተር ሁለቱን ግድግዳዎች ያቀራርባቸዋል። ግድግዳዎቹ ሲቀራረቡ ጀርባው እንደ ቀስት ወደ ላይ ይጎብጣል። የክንፉ ሥር በጀርባው ጠርዝና በጎን ግድግዳው ጫፍ መካከል ነው የተቀመጠው። ልጆች ሆነን ጣውላ ድንጋይ ላይ አጋድመን ግራና ቀኝ ተቀምጠን የምንጫወተውን አስታውሱ። አንዱ ጫፍ ሲነሣ ሌላው ይወርዳል። ጀርባው ሲነሣ ክንፉ ይወርዳል። ከዚያ የጣሪያና ወለሉ ጡንቻ በተራው ሲኮማተር ጀርባውን ወደ ታች ይስበዋል፤ ክንፉ ይነሣል። ክንፉ የሚርገበገበው ቤቱ ራሱ ስለሚተነፍስ ነው። እርግጥ አንበጣ ላይ ከጎን በኩል ወደ ክንፉ ሥር ተጠግተው የሚይዙ ሌሎች ጡንቻዎችም አሉ፤ ክንፉን ወደ ታች በመሳብ ያግዛሉ፣ ያዘነብሉታልም።

ይህ ሁሉ በሰከንድ ሃያ ጊዜ ያህል ይደጋገማል። በአንድ ሰዓት በረራ ሰባ ሺህ ጊዜ በላይ ግድግዳው ይሳባል ይለቀቃል ማለት ነው። ስስ ቢሆንም አይቀደድም፤ የጡንቻው ጫፍ ከቆዳው ሕዋስ አልፈው ቅርፊቱ ውስጥ በገቡ ቀጫጭን ክሮች ነው የተሰፋው። ክንፉ ሥር ደግሞ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ «ሬዚሊን» የሚባል ፕሮቲን አለ። ቶርኬል ቫይስ ፎህ የሚባል ዴንማርካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960 ያስተዋወቀው በዚሁ በበረሃ አንበጣ ላይ ጭምር አጥንቶ ነው። ሲለጠጥ ከወሰደው ጉልበት ከመቶ ዘጠና አምስቱን በላይ መልሶ ይሰጣል። ከእሱ በፊት አሜሪካዊው ሮበርት ስኖድግራስ እ.ኤ.አ. በ1929 ስለ ፌንጣ ደረት አሠራር ብቻ ራሱን የቻለ ጥናት አሳትሞ ነበር። ሰው ዕድሜውን በፌንጣ ደረት ላይ ያሳልፋል እንዴ? ያን ቀን ማይክሮስኮፑ ላይ ሁለት ሰዓት ከተከልኩ በኋላ ያሳልፋል አልኩ።

ያቺ የማለዳ ብርድም ያኔ ገባችኝ። አንበጣ እንደ እኛ የራሱን ሙቀት ጠብቆ አያድርም። በብርድ ያደረ ጡንቻ ግድግዳውን በሚፈለገው ፍጥነት መሳብ አይችልም። ስለዚህ ፀሐይ ይሞቃል፣ ከዚያ ይነሣል። አባቴ ፍራግማ የሚባል ቃል ሰምቶ አያውቅም፤ ግን «ፀሐይ ሳይሞቀው» ብሎ የቀሰቀሰን ልኩን አውቆ ነበር።

ሌላም ነገር ገባኝ። የመስክ ባለሙያዎች ሁልጊዜ «ኩብኩባ ሳለ ነው መከላከል» የሚሉት ለምን እንደሆነ። ኩብኩባው ክንፉ አልደረሰም፤ በእግሩ ነው የሚሄደው። በተለምዶ አምስት ጊዜ ያህል ቅርፊቱን እየቀየረ ያድጋል። ሲቀይር የውጩን ብቻ አይደለም፤ ወደ ውስጥ የታጠፈውንም ሽፋን መዝዞ አብሮ ይጥለዋል። ከመጨረሻው ቅየራ በኋላ ክንፍ ቢያወጣም ገና ለስላሳ ነው። አጽሙ ጠንክሮ፣ ጡንቻው ዳብሮ ረጅም በረራ እስኪችል አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ከዚያ በኋላማ ማን ይይዘዋል? ነፋስ ካገኘ በቀን 150 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። እንደ ዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት አገላለጽ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ይይዛል፣ በቀን የ35 ሺህ ሰው ምግብ ያህል ይበላል። አንዱ ሲመዘን ሁለት ግራም ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ማረፍ አቅቶት ወደ አዲስ አበባ የዞረው በዚህ ባለሁለት ግራም ፍጡር መንጋ ምክንያት ነው።

ልሰናበት ስል ጋሼ አንድ ነገር ጨመሩልኝ። ጎልማሳ አንበጣ ከመጨረሻው ቅየራ በኋላም ቅርፊቱ ከውስጥ በኩል በየቀኑ አንድ ንብር ይጨመርበታል። የቀኑና የሌሊቱ ንብር ይለያል። ኔቪል የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1963 ይህንን አሳይቷል፤ ልክ እንደ ዛፍ ቀለበት ቆጥሮ ዕድሜን በቀን ማወቅ ይቻላል። «ውሸት አይቀበልም» አሉኝ ጋሼ እየሳቁ። «የኖረውን ቀን ያህል ብቻ ነው የሚጽፈው።»

እሳቸው ስለ አንበጣው ነበር የሚያወሩት። እኔ ግን ኪሴ ውስጥ ያለውን የታጠፈ ወረቀት ነው ያሰብኩት።

*

አባቴ ያንን ዓረፍተ ነገር ብሎት አያውቅም።

ይኸው ተናገርኩት። ያን ጠዋት ባዶ ማሳው ላይ ቆሞ ምንም አላለም። ጆንያውን አራግፎ፣ አጣጥፎ ብብቱ ሥር ከቶ ወደ ቤት ሄደ። ዓረፍተ ነገሩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ዶርም ውስጥ፣ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ። ለራሴ «ሊለው ይችል ነበር» ብያለሁ። «አባቴ ስለሆነ ምን ችግር አለው?» ብያለሁ። አንድ የምታምር መግቢያ ስለፈለግኩ በዝምታ ያለፈ ሰው አፍ ውስጥ ቃል ከተትኩ። ያም ቃል ስህተት ሆኖ ተገኘ። አንበጣን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ገበሬ አንበጣን እንደማያውቅ አስመሰልኩት።

ቅዳሜ ማታ ደወልኩለት። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ በሬው ተጠያየቅን። ከዚያ እንደምንም ብዬ «አባዬ፣ አንድ ነገር በስምህ ጽፌ ነበር» አልኩትና ነገርኩት። ዝም አለ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«እሰማሃለሁ» አለ። «እኔ እንዲያ አላልኩም። አጥንት ከሌለው ስንረግጠው የሚንኮሻኮሸው ምኑ ነው ታዲያ?»

ምን እንደምመልስ ጠፋኝ።

«ያኔ እንኳ» አለ ቀጥሎ፣ «ከሳምንት በኋላ አጥሩ ሥር ጉንዳን የጨረሰው አንበጣ ነበር። ቀፎውን አንሥቼ ብሰብረው ውስጡ ክፍል ክፍል አለው። ለእናትህ አሳይቻት፣ ‹ቤት ሠርቶ ነው እንዴ የሚዞረው› ብላኛለች።»

እናላችሁ፣ እኔ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አፍልቼ፣ በማይክሮስኮፕ አይቼ የደረስኩበትን ወላጆቼ ከአምስት ዓመት በፊት በጉንዳን አግኝተውታል። ጠይቄ ቢሆን ኖሮ እኔ ከፈጠርኩት እጅግ የተሻለ ቃል በነጻ አገኝ ነበር። አልጠየቅኩም። ስልክ መደወል ማጋነን አይደለም፣ ሁለት ብር አይፈጅም፤ ግን አልደወልኩም።

«ተቀየምከኝ?» አልኩት።

«ሌላ ጊዜ የምለውን ስጠኝና ጻፍ» አለ። መጀመሪያ አልገባኝም። በኋላ ሳስበው፣ እንድናገር ጊዜ ስጠኝ ማለቱ ነው። መቀየሙን ወይም አለመቀየሙን ግን አልነገረኝም። እኔም ሁለተኛ አልጠየቅኩትም።

ጽሑፌን እንደገና ጻፍኩት። አሁን የሚጀምረው እናቴ በተናገረችው ነው፤ እሷንም ደውዬ «ብለሻል ወይ?» ብዬ አረጋግጫለሁ። «ብያለሁ፣ ምነው?» አለችኝ። አባቴ ያን ጠዋት ምንም አለማለቱንም እንዳለ ጻፍኩት። መምህራችን አዲሱን ወረቀት ተቀበሉኝ፤ የቀድሞውን ውጤት ግን አልቀየሩም። ትክክል ናቸው።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሁላችንም ነገ ማይክሮፎን እንይዛለን። በየመንደሩ እየሄድን «አንድ አርሶ አደር እንደተናገሩት» እያልን እንጽፋለን። ሰውዬው ጋዜጣውን ላያነቡት ይችላሉ፤ «እኔ እንዲያ አላልኩም» የሚሉበት ስልክም ላይኖራቸው ይችላል። እኔ ዕድለኛ ሆኜ የዋሸሁበት ሰው የገዛ አባቴ ነበር።

ያቺን ለሁለት የተሰነጠቀች የአንበጣ ደረት ጋሼ በትንሽ ብልቃጥ አድርገው ሰጥተውኛል። ዶርም ጠረጴዛዬ ላይ ነች። መግቢያ ዓረፍተ ነገር አልመጣ ሲለኝ ወደ መስኮቱ አነሣና አያታለሁ። የውስጥ ግድግዳዎቿ በብርሃን ላይ ጥርት ብለው ይታያሉ። ከዚያ ብልቃጧን አስቀምጬ ስልኬን አነሣለሁ።